ለአባቴ የዘጋሁት ድምፅ

አባቴን ሌባ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ያውም በመንዝ፣ በጓሳ ሜዳ ላይ። እሳቸው ደግሞ ሹመቱን የተቀበሉት እየሳቁ ነበር። "ሰባ ዓመት በክብር ኖሬ፣ ያስተማርኳት ልጅ መጥታ ሌባ አደረገችኝ" እያሉ ከመሐል ሜዳ ከተማ ጀምሮ በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ሲያስቁ ነው የደረስነው። ያንን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው ደስታውም ሐዘኑም እኩል ይመጣብኛል። የዚያን ቀን የሆነውን ለብዙ ሰው በአጭሩ አውርቼዋለሁ። ሙሉውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እስቲ ዛሬ ልሞክረው።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር፣ ከአገሬ ሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ የተገለጠልኝ ነገር ያለ የሚመስለኝ፣ ከቤት ሲደወልልኝ "ላብራቶሪ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ" ብዬ የምዘጋ ልጅ ነበርኩ። ላብራቶሪ ባልሆንም እንደዚያው ነው የምለው። እናቴ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መምህሬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን "በወረቀት ያሳየሽኝን በሜዳ ካላሳየሽኝ አትመረቂም" ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ሜዳ ሲባል ደግሞ የሬዲዮ ጫጫታ የሌለበት፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ፣ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አሥራ ስድስት ትናንሽ አንቴናዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይደረደራሉ። ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ተሳፋሪው ወርዶ እንደሚገፋው አስቡት። ሁሉም "ሆ!" ብሎ በአንድ ጊዜ ከገፋ መኪናው ይወጣል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ካረፈ ንቅንቅ አይልም። አንቴናዎቹም እንደዚያው ናቸው። ሞገዳቸውን ካስማማሁት እኔ በፈለግኩት አቅጣጫ በርትቶ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። ያው ሞገድ ሰው ላይ ሲያርፍ ደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። በተመለሰው ሰውየው የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። በአንድ ሞገድ አወራለሁም፣ አያለሁም ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጠባቂዎች በዚህ መሣሪያ ሌባ ሲከታተሉ ነው። ሌባን ለማየት ሞገዱን ወደ ሌባው መላክ ግድ ይላል፤ ሞገዱ ደግሞ ወሬዬን ተሸክሟል። አንዱ ጠባቂ ለጓደኛው "ሌባው በምሥራቅ በኩል ነው" ቢለው ቀድሞ የሚሰማው ሌባው ራሱ ይሆናል። የእኔ መላ ወሬውን ለወዳጅ ብቻ መላክ፣ ወደ ሌባው ደግሞ ትርጉም የሌለው ጫጫታ መልቀቅ ነበር። ለማየት ጫጫታው ይበቃኛል፤ እሱ ግን ጆሮውን ቢያቆም እሽሽታ እንጂ ሌላ አያገኝም። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው። እንዲያውም ፕሮግራሙ ውስጥ በገዛ እጄ አንድ ክልከላ አስገብቼ ነበር፤ በክትትል ላይ ወዳለ ሰው ወሬ ላክ ብለው ቢያዙት "አይፈቀድም" የሚል። በእሱ የነበረኝን ኩራት አትጠይቁኝ።

ሦስት ነበርን። እኔ ጉብታው ላይ ከአንቴናውና ከላፕቶፑ ጋር እቀመጣለሁ። በረከት፣ አብሮኝ የሚማረው የአዲስ አበባ ልጅ፣ በስተ ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ ወዳጅ ሆኖ ይቀበላል፤ እሱ የሚመልስልኝ በያዛት ትንሽ ሬዲዮ ነው፣ እኔ ግን የምናገረው በአንቴናው ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ መቀበያ ይዘው ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀሱት ሌባ ናቸው። በዋዜማው የጓሳ ጠባቂ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀርበን የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አሳይተናል። የጓሳ ነገር በእኛ አገር ቀልድ አያውቅም። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ነው አገሩ ወጥቶ ለቤት ክዳን የሚያጭደው። ሽማግሌዎቹም አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁን። "ጉብታውንም ኮረብታውንም ተጠቀሙበት። የተዘጋው ሣር ውስጥ ግን እግራችሁ እንዳይገባ።" "እሺ" አልኩ። ልቤ ያለው ባትሪዎቹ ዘንድ ነበር። አባቴ ግን ከጎኔ ቆመው ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። በወጣትነታቸው እሳቸውም ጓሳን ምለው ጠብቀዋል።

ጠዋት ሰማዩ የታጠበ ይመስል ነበር። አባቴ ባናቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። በሱፍ ባናው ላይ የመቀበያውን ገመድ ሳስር በረከት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይስቃል።

"ይኸን ጆሮዎ ላይ ያድርጉት፣ አባባ። የሚሰማ እንጂ የሚናገር አይደለም።"

"እንዲህ ያለ ባል ማግኘት ለእናትሽ ነበር" አሉ። "ስንት ዓመት ተመኝታ ሞተች!"

በረከት ሳቀ። እኔ ወደ ገመዴ አቀረቀርኩ። የእናቴ ስም ሲነሳ ሁልጊዜ የማቀረቅርበት አንድ ነገር አላጣም ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ቅርብ ርቀት ላይ ነበር፤ እንደ ጸሎት ሰመረ። ለበረከት የማነበው ሁሉ ጥርት ብሎ ደረሰው። አባቴን በስክሪኑ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጥብ አየኋቸው፤ ሲሄዱ ትሄዳለች፣ ሲቆሙ ትቆማለች። ሲመለሱ ሮጬ ተቀበልኳቸው።

"ምን ሰሙ፣ አባባ?"

"እሽሽሽ ይላል። ገብስ የሚቆላ ይመስላል።"

"ሌላስ? የእኔ ድምፅ? አንድ ቃል እንኳ?"

"ኧረ ምንም።"

ከበረከት ጋር ተቃቅፈን ዘለልን። አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩን።

"ይኸን ያህል የሚያስደስት ነው?"

"አዎ! አለመስማትዎ ነው እኮ ሥራዬ!"

"ልጄ የምታወራውን እንዳልሰማ ነው ሁለት ዓመት የለፋሽው?"

"ለሌባ ነው እንጂ፣ ለእርስዎ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ሌባው እኔ አይደለሁ?" አሉና ቆሏቸውን ቃም አደረጉ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔም እየሳቅኩ ነው ያለፍኩት። ለመምህሬ፣ ለጓደኞቼ፣ በአውቶቡስ ከጎኔ ለተቀመጠ መንገደኛ ሳይቀር ሥራዬን አስረድቼ አውቃለሁ። ለአባቴ ግን አንድም ቀን አስረድቼ አላውቅም ነበር። አይገባቸውም ብዬ ነው።

ከምሳ በኋላ ርቀቱን መጨመር ነበረብን። በስተ ሰሜን ርቃ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ጅብራ ነበረች፤ አንድ የሰው ቁመት ተኩል የምታህል፣ ከሩቅ የምትለይ ተክል። በጣቴ አሳየኋቸው።

"ያቺ ጅብራ ትታይዎታለች? በቀጥታ ወደ እሷ ይሂዱ። ዘወር ማለት የለም። ከመስመር ከወጡ ውጤቱ ይበላሽብኛል።"

አባቴ ጅብራዋን አዩ፣ በመካከል ያለውን ረጅም ሣር አዩ፣ መጨረሻ እኔን አዩኝ።

"በቀጥታ?"

"በቀጥታ።"

"እሺ" አሉ። አባቴ ልጃቸውን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። እኔ ደግሞ በካርታዬ ላይ ያሰመርኩት መስመር ሣሩ መሐል ለመሐል እንደሚያልፍ ልብ አላልኩም። ለእኔ መስመር ብቻ ነበር።

ትንሽ እንደሄዱ ነጥቧ ከመስመሩ ወደ ቀኝ ወጣች። "አባባ፣ ኧረ በቀጥታ!" ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ። ነጥቧ ይበልጥ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ከዚያ ሣሩን ይዛ በጠርዙ ወደ ሰሜን ተጓዘች። "አባትሽ መንገድ ሳቱ መሰለኝ" አለኝ በረከት በሬዲዮው። "ግትር ናቸው" አልኩት። በእውነት እንዲህ ነው ያልኩት። በተዘጋው ሣርና በገደሉ መካከል ፍየል የምታልፍባት ቀጭን መሬት አለች፤ አባቴ የገቡት እዚያች ላይ ነበር።

ጓሳን የማያውቅ ሰው ጉሙን አያውቀውም። ከሰማይ አይወርድም፤ ከታች ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ከጠርዙ በላይ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቀና ብዬ አየሁትና ተመልሼ ወደ ስክሪኔ። ደግሜ ቀና ስል ጅብራዋ የለችም። ወዲያው የበረከት ኮረብታ ጠፋ። ከዚያ የገዛ አንቴናዬ፣ ከአምስት እርምጃ ላይ፣ ጥላ መሰለ።

ጉም ሞገድ አይጋርድም። ስክሪኑ ላይ ነጥቧ እንደ በፊቱ ፍንትው ብላ ትታያለች፤ ከጎኗ ደግሞ ገደሉን ያመለከትኩበት ቀይ መስመር አለ። በሁለቱ መካከል ሃምሳ እርምጃ ያህል ነበር። ከዚያ አርባ ሆነ። መሬቷ ወደ ፊት እየጠበበች እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የእግራቸውን ጫፍ እንኳ ማየት አይችሉም። 

ማይኩን አነሳሁ። "አባባ! ይቁሙ! ገደል ነው! አባባ!"

ወዲያው መልስ መጣ። "ግልጽ ነው፤ ቃል በቃል ይሰማል" አለ በረከት። ከዚያ፣ "ቆይ፣ ምን አልሽ?"

ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ጩኸቴ ሁሉ የደረሰው ለበረከት ነው። ለአባቴ የደረሳቸው የሚቆላ ገብስ ነው። አያቸዋለሁ፤ እያንዳንዷን እርምጃቸውን እቆጥራለሁ፤ አንዲት ቃል ግን ላደርስላቸው አልችልም፤ እንዳትደርሳቸው አድርጌ የሠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ተነስቼ በባዶ አፌ ጮህኩ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ነበርና ጩኸቴን መልሶ ለራሴ አመጣው። ልሮጥ ሰባት ስምንት እርምጃ ሄድኩ። ዞር ብል ላፕቶፑም አንቴናውም አይታዩም። እኔ ከጠፋሁ እሳቸውን የሚያይ ዓይን የለም። እየዳበስኩ ተመለስኩ።

"ስማችንን አቀያይሪው!" ይላል በረከት። "እኔን ሌባ፣ እሳቸውን ወዳጅ አድርጊ! ብርቄ፣ ትሰሚኛለሽ?"

አቀያየርኩ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። "አይፈቀድም።" ደገምኩ። "አይፈቀድም።" ያቆምኩት ዘበኛ እኔኑ አላውቅሽም አለኝ።

ክልከላውን ከፕሮግራሙ ውስጥ ፈልጎ ማጥፋት፣ ከዚያ ሁሉንም ዘግቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ማስነሳቱ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያች ደቂቃ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ነጥቧ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበረች። ጣቶቼ በብርዱ አልታዘዝ አሉኝ፤ በአፌ አሞቅኳቸው። በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ በግዕዝ እጸልያለሁ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልኩ በኩራት የጻፍኳቸውን መስመሮች አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ዘግቼ አስነሳሁት። ነጥቧ ጠፋች።

ያቺን ደቂቃ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ ስታርፍ ያላለቀስኩትን ለቅሶ ያኔ ያለቀስኩት ይመስለኛል።

ስክሪኑ ሲመለስ ነጥቧ አለች። ከቀዩ መስመር በአሥራ አምስት እርምጃ፣ አሁንም እየሄደች።

"ቁም! አባባ፣ ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!"

በሕይወቴ አባቴን አንተ ብዬ የጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቧ ቀጥ አለች።

"ሰሙኝ? ከሰሙኝ ቁጭ ብለው ይነሱ።"

ነጥቧ ተርገበገበች። ቁጭ፣ ብድግ።  ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ ተናግሬ አባቴ በገደል ማሚቶ መለሱልኝ።

"በቀኝዎ ገደል ነው። ወደ ግራ ይዙሩና አሥር እርምጃ ይግቡ። እዚያ ምንም የለም፤ ሣር ብቻ ነው።"

ነጥቧ አልተንቀሳቀሰችም።

"አባባ፣ ወደ ግራ! አይፍሩ፣ አያለሁ እኮ!"

ምንም የለም። ሦስቴ ደገምኩት። መቀበያው የተበላሸ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። በስተ ግራቸው ያለው የተዘጋው ሣር ነው። ከመስመሬ የወጡትም፣ ገደሉን ይዘው የዞሩትም በግትርነት አልነበረም። እኔ የሽማግሌዎቹን ቃል "እሺ" ብዬ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው ግን ጉም ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ ከገደል አፋፍ ላይ ቆመው ያከብሩታል። ለመንኳቸው። "እግዜር ይቅር ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ይገባቸዋል፣ ይግቡ" አልኩ። አልገቡም። የመንዝ ሰው እምቢ ካለ እምቢ ነው። ወደ ኋላ እንዳልመልሳቸው ደግሞ የመጡባት መሬት እንደ እባብ የተጠማዘዘች ናት።

"እሺ" አልኩ በመጨረሻ። "እንግዲያው እዚያው ይቀመጡ። ባናዎን ይከናነቡ። ጉሙ እስኪነሳ አወራዎታለሁ፤ ድምፄን እየሰሙ ይቆዩ።"

ነጥቧ ወረድ አለችና ረጋች።

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ዝም ካልኩ መሣሪያው የሞተ መስሏቸው ይነሳሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማውራት ነበረብኝ። በረከት ወሬዬን መስማት አቁሟል፤ ጫጫታው አሁን ወደ እሱ ነው። "ምንም አይሰማኝም፣ እሽሽሽ ብቻ ነው፤ ደህና ናቸው?" ይላል በየጊዜው፤ የምመልስበት መንገድ የለኝም። በዚያ ሜዳ ላይ ቃሌ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ አወራኋቸው። ስለ አንቴናዎቹ፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ "ሆ!"። አይገባቸውም ያልኩትን ሁሉ። "ገባዎት?" ስላቸው ነጥቧ ቁጭ ብድግ ትላለች። "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" እላለሁ። ከዚያ ስለ ተከራየኋት ክፍል፣ ስለ አከራዬ ድመት፣ ስለማይበላው የግቢ ምግብ። ልጅ ሆኜ ከመሐል ሜዳ በበቅሏቸው ኋላ ተፈናጥጬ ስንመለስ የሚነግሩኝን ተረት ለራሳቸው መልሼ ተረትኩላቸው፤ መጨረሻው ጠፋኝ፣ ከራሴ ጨመርኩበት። ጉሙ አልነሳም። ወሬዬ አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አባባ" አልኩ። "የእማዬ አርባ ላይ ያልመጣሁት ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ከልክሎኝ ነው ብዬ ነበር።"

ነጥቧ እንደረጋች ናት።

"ማንም አልከለከለኝም። አልጠየቅኩም። ለቅሶ መጥቼ ስመለስ ቤቱ ያለሷ ምን እንደሚመስል አይቼው ነበር። ደግሜ ማየት ፈራሁ። የዚያን ቀን ክፍሌን ዘግቼ ተኝቼ ዋልኩ። እርስዎ በሰው ፊት 'መንግሥት ከልክሏት ነው' እያሉ ሲሟገቱልኝ እንደዋሉ ሰምቻለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ላብራቶሪ ነኝ የምልዎት በዚህ ነው።"

ቁጭ ብለው ይነሱ አላልኩም። መልስ መጠየቅ አልደፈርኩም። ነጥቧም ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም፤ ስለ በግ ይመስለኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ እንደ አመጣጡ በድንገት ሄደ። ጅብራዋ ታየች፣ ኮረብታው ታየ፣ በረከት ከላይ እየተንከባለለ ሲሮጥ ታየ። ሣሩን በጠርዙ ዞሬ ሮጥኩ፤ እኔም አልገባሁበትም። አባቴ ባናቸውን ተከናንበው፣ እግሮቻቸውን ከሣሩ ሰብስበው፣ ከገደሉ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቆጥሬዋለሁ። ትልልቅ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠርዙ ላይ ሆነው ሣር እየነጩ ያዩናል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"አሥር እርምጃ ቢገቡ ምን ነበረበት?" አልኩ እያለቀስኩ። "ማን ያይዎት ነበር?"

"አንቺ እያየሽኝ አልነበር?" አሉኝ።

ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ መቀበያውን ከጆሯቸው አውጥተው በእጄ ላይ አኖሩት።

"መሣሪያሽ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ስለ ድመቲቱም ሰማሁ። ወደ ኋላ ላይ ግን እሽሽሽ ብቻ ሆነብኝ። ባትሪው አልቆ ነው መሰለኝ።"

መቀበያውን ገልብጬ አየሁት። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፤ ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበር።  በረከት እያለከለከ ደርሶ፣ "ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስትዪያቸው ነበር?" አለኝ። "ስለ በግ" አልኩት።

እንግዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ተመርቄያለሁ። ያ ክልከላ በመጨረሻው ሥራዬ ውስጥ አለ፤ ግን አጠገቡ መክፈቻ ሠራሁለት። የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ "ለሌባ ደግሞ በር ትከፍቻለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። "የምናየው ሰው ሁሉ ሌባ ላይሆን ይችላል" ብዬ መለስኩ፤ ነጥብ ቀነሱብኝ መሰለኝ። ዛሬ የምሠራው እዚሁ ሙያ ላይ ነው፤ ሰው የሚያይ ነገር በሠራሁ ቁጥር ያ ሰው መስማት ቢያስፈልገው እንዴት ነው የምናገረው ብዬ ሳልጠይቅ አላድርም። ስልክ ሲደወልልኝም አነሳለሁ። እናንተም፣ አንባቢዎቼ፣ ከሩቅ እያያችኋቸው የማታወሯቸው ሰዎች ካሉ ጉም እስኪመጣ አትጠብቁ። ምክር መስጠት አልወድም፤ ይኸን ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። በየእሁዱ እደውልላቸው ነበር፤ ረጅም ወሬ እናወራ ነበር። ያቺን የጓሳዋን ወሬ ግን አንሥተን አናውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ መሐል ሜዳ ወርጄ አውቶቡስ መያዝ ነበረብኝ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባቴ ነጭ ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዳቦ በመሶብ ተሸክማለች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው የጠላ ማሰሮ ይዟል። ሌሊቱን ማን እንደጋገረ፣ ማን እንደላከባቸው አላውቅም፤ እኔ ተኝቼ ነበር።

"ነይ፣ በዚህ በኩል ነው መንገዳችን" አሉኝ። መንገዱ የአውቶቡሱ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ነበር።

እናቴ መቃብር ስንደርስ የነፍስ አባታችን ቄስ ከሁለት ካህናት ጋር እየጠበቁን ነው። ቄሱ አባቴን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ "አርባዋማ ወጥቶ የለም እንዴ? ዓመቷም አልፏል" ሲሉ ሰማኋቸው።

"ለእኛ ወጥቷል" አሉ አባቴ። "ለእሷ ግን ዛሬ ነው።"

ቄሱ እኔን አዩኝ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ገለጡ። እትዬ አስካለ መሶቡን ለሌላ ሰው ሰጥታ ወደ እኔ መጣችና ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥታ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ አለበሰችኝ። አባቴ አጠገቤ ቆሙ። ጸሎቱ ሲጀመር ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በዪ አላለኝም።